የቪዮቲ ዕዳ፦ ከመድረክ የሸሸው ቫዮሊን ተጫዋች

ፓሪስ፣ መጋቢት 1822። አንድ የ66 ዓመት ጣሊያናዊ ኑዛዜውን ይጽፋል። የሚያወርሰው ቤትም መሬትም የለውም። ያለው ዕዳ ነው። ቺነሪ ለምትባል እንግሊዛዊት ወይዘሮ 24,000 ፍራንክ መክፈል አለበት። ይህን ሳይከፍል መሞት ልቡን እንደሚያቆስለው ገልጾ፣ ያለው ንብረት ሁሉ ተሽጦ ገንዘቡ ለእሷ እንዲላክ ያዛል፤ ከዚያ ላይ ለወንድሙ 800 ፍራንክ ብቻ እንዲሰጠው ይለምናል። ከዕቃው መሀል ሁለት ቫዮሊኖች አሉ። አንዱ ክሎትስ የሚባሉት የጀርመን ባለሙያዎች ሥራ ሲሆን እሱም የወይዘሮዋ ነው። ሌላው ዝነኛው ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ የሠራው ነው፤ ጥሩ ዋጋ ያወጣል ብሎ ተስፋ አድርጎበታል። ለቀብሩ ምንም ወጪ እንዳይወጣ ይናዘዛል፤ እንደ እሱ ላለ ምስኪን ጥቂት አፈር ይበቃዋል።

ይህ ሰው ጆቫኒ ባቲስታ ቪዮቲ ነው። ኑዛዜውን ሲጽፍ የፓሪስ ኦፔራ ዳይሬክተርነቱን ከለቀቀ ገና ጥቂት ወራት ነው። ከዚያ 40 ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው ከተማ፣ በአውሮፓ እሱን የሚያህል ቫዮሊን ተጫዋች የለም ተብሎለት ነበር። 29 የቫዮሊን ኮንቸርቶ፣ ማለትም ብቸኛ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ፣ ጽፏል። ዛሬ በማንኛውም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን የሚማር ልጅ፣ ስሙን ባይሰማም፣ ደጋኑን የሚጎትትበት መንገድ በአንድም በሌላም በኩል ከዚህ ሰው ይመዘዛል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የዕዳ ደብዳቤ እየጻፈ ወደ መቃብር ወረደ? የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ብዙዎች «ዕድለ ቢስ ነበር» ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልረካም። ዕድሉስ ክፉ ነበር፤ ግን ወደዚያ ክፉ ዕድል የሚወስደውን መንገድ ደጋግሞ የመረጠው ራሱ ነው፤ የመረጠበትም ምክንያት ነበረው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪዮቲ በግንቦት 1755 በሰሜን ጣሊያን በፒዬሞንቴ ግዛት፣ ፎንታኔቶ በምትባል የፖ ወንዝ ዳር መንደር ተወለደ። አባቱ አንጥረኛ ነበር፤ ጥሩንባም ይነፋ ነበር። ልጁ በ11 ዓመቱ ወደ ቶሪኖ ተወስዶ በአልፎንሶ ዳል ፖዞ፣ በቺስተርና መስፍን ቤት ገባ። ልጁን ሲፈትኑት አይቶት የማያውቀውን ሶናታ አቅርበውለት እዚያው እንደተወጣው ይነገራል። መስፍኑም አስተማሩት። በኋላ እንደተናገሩት የቪዮቲ ትምህርት ከ20,000 ፍራንክ በላይ አስወጥቷቸዋል፤ ግን አልቆጫቸውም። ይህችን ቁጥር ያዟት። ልጁ ከአንጥረኛ ቤት ወጥቶ በባለጸጋ ገንዘብ የተሠራ ሰው ነው፤ ቁጥሯ ኑዛዜው ላይ ካለችው ብዙም አትርቅም።

መምህሩ ጋኤታኖ ፑኛኒ ነበር። ፑኛኒ የሶሚስ ተማሪ ነው፤ ሶሚስ የታላቁ ቫዮሊኒስት የኮሬሊ። እኛ የቅኔ መምህራንን ከማን ተቀበለ እያልን እንደምንቆጥረው፣ የጣሊያን ቫዮሊንም የሚቆጠረው እንዲህ ነው፤ ቪዮቲ ከኮሬሊ አራተኛ መሆኑ ነው። እንዲያም ሆኖ በ1775 በቶሪኖ ቤተ መንግሥት የጸሎት ቤት ኦርኬስትራ ሲቀጠር ቦታው ከኋላ ነበር፤ በዕድሜና በአገልግሎት የሚበልጡት ከፊቱ ተቀምጠዋል። አምስት ዓመት እዚያው ቆየ። በ1780 ፑኛኒ ለረጅም ጉዞ ይዞት ወጣ፤ ጄኔቫ፣ በርን፣ ድሬስደን፣ በርሊን፣ ዋርሶ፣ ሴንት ፒተርስበርግ። በየከተማው «የታዋቂው የፑኛኒ ተማሪ» ነበር። ከዚያ ከመምህሩ ተለይቶ ብቻውን ወደ ፓሪስ አቀና።

መጋቢት 17 ቀን 1782፣ ዐቢይ ጾም ነው። በጾምና በበዓል ቀን ኦፔራ ስለሚዘጋ፣ ፓሪሶች በቱይለሪ ቤተ መንግሥት አዳራሽ «ኮንሰርት ስፒሪቱዌል» የሚሉት የሙዚቃ ዝግጅት ነበራቸው። ቪዮቲ እዚያ ወጥቶ የራሱን ኮንቸርቶ ተጫወተ። በአንድ ቀን ታዋቂ ሆነ የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ማጋነን ነው፤ እዚህ ላይ ግን እውነት ነው። በዘመኑ የጻፉ ሰዎች ስለ ጣቶቹ ፍጥነት ከሚያወሩት ይልቅ የሚያወሩት ስለ ድምፁ ነው። ወፍራም፣ ሙሉ፣ ሳይቆራረጥ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚዘምር ድምፅ። ዝቅተኛውን የጂ ክር ሌሎች ለማጀቢያ ሲያቆዩት እሱ ዜማ ያወጣበት ነበር።

ድምፁ ከየት መጣ የሚለውን ለመረዳት ደጋኑን ማየት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የማሲንቆን ደጋን ያየ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል፦ እንጨቱ ከፀጉሩ ርቆ ወደ ውጭ ይለመጣል፣ እንደ አደን ቀስት። የድሮው የአውሮፓ ቫዮሊን ደጋንም በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ነበር፤ ወይ ቀጥ ያለ ወይ ወደ ውጭ ትንሽ የጎበጠ። እንዲህ ያለ ደጋን እጅ ካለበት ከታችኛው ጫፍ ጠንካራ ነው፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲሄድ ይደክማል። ስለዚህ ድምፁ ይወለድና ይሞታል፣ ይወለድና ይሞታል። ለጭፈራና ለንግግር መሰል ሙዚቃ ይህ ግሩም ነው። ረጅም ዜማን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጉልበት ለመያዝ ግን አይመችም።

በዚያው ዘመን ፓሪስ ውስጥ ፍራንስዋ ግዛቪዬ ቱርት የሚባል ሰው ነበር። ሙያ የጀመረው በሰዓት ሠሪ ዘንድ ተለማምዶ ነው፤ በኋላ ወደ አባቱ ሥራ፣ ወደ ደጋን ሥራ ተመለሰ። ቱርት ከብራዚል የሚመጣውን ፐርናምቡኮ የተባለ ጠንካራ ቀይ እንጨት እሳት እያሳየ ወደ ውስጥ፣ ወደ ፀጉሩ አጎበጠው። ርዝመቱን ወደ 75 ሳንቲሜትር ግድም አጸናው። የጫፉን ራስ ከፍ አደረገው። ፀጉሩ ተጠቅልሎ እንዳይሰበሰብ በትንሽ የብረት ቀለበት ይዞ እንደ ጥብጣብ ዘረጋው። ውጤቱ እንዲህ ነው፦ ሲጫኑት እንጨቱ ይመልሳል፤ ጫፍ ላይም ታች ላይም እኩል ጉልበት አለ። ቱርት ይህን ሲሠራ የቪዮቲን ምክር ይሰማ ነበር የሚለው ነገር የቆየ ትውፊት ነው፤ የተፈራረሙበት ወረቀት የለም። እኔ ግን ትውፊቱ ይዋጥልኛል። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ደጋን የሚፈልግ ሙዚቃ ይጽፋል፤ በዚያው ዓመታት በዚያው ከተማ እንዲህ ያለ ደጋን ይሠራል። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ቢቀሩ ነው የሚገርመው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጫወትበት ደጋን ይኸው ነው።

በስሙ የሚጠራ የደጋን አመታትም አለ። ሁለት ድምፆች በአንድ ጉተታ ተለያይተው ይወጣሉ፤ የመጀመሪያዋ ቀለል ብላ ታልፋለች፣ ሁለተኛዋ ላይ ይጫናል። ለጆሮ የሚያነክስ ሰው እርምጃ ይመስላል፤ በአሮጌው ደጋን ሲሞክሩት ድምፁ ይላላል።

ሰውዬው በዚህ ሁኔታ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ፓሪስን ካስጨበጨበ በኋላ፣ በመስከረም 1783 ለሕዝብ መጫወቱን ተወው። ገና 28 ዓመቱ ነው። በማግስቱ ዓመት በንግሥት ማሪ አንቷኔት ቤት አገልግሎት ገባ፤ ከዚያ በኋላ የሚጫወተው በቤተ መንግሥትና በሰው ሳሎን ብቻ ሆነ።

ለምን? ከዘመኑ ሁለት ወሬዎች ይተረካሉ። አንደኛው ቬርሳይ ላይ ነው። ቪዮቲ ኮንቸርቶውን ጀምሮ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ የንጉሡ ታናሽ ወንድም የአርቷ መስፍን ከነአጀቡ እየተንጫጫ ይገባል። ቪዮቲ ደጋኑን አወረደ፤ ቫዮሊኑን በብብቱ ሻጠ፤ ንግሥቲቱን፣ መኳንንቱን፣ ሁሉንም ትቶ ወጣ። ሁለተኛው ወሬ እሱ አምስተኛ ፎቅ ላይ በወዳጁ ቤት ስለ ሰጠው ዝግጅት ነው። መኳንንቱ ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት ሲከብዳቸው፣ እስከ ዛሬ እኛ ወደ እነሱ ስንወርድ ኖረናል፤ ዛሬ እነሱ ወደ እኛ ይውጡ አለ ይባላል። ሁለቱም ወሬዎች እንደ ወሬ የተላለፉ ናቸው፤ ቃል በቃል አልምልባቸውም። ግን ለምን ስለ እሱ እንዲህ ያለ ወሬ እንደተወራ ይገባኛል። ባለ መሰንቆውን ቆሞ አዝፍኖ፣ አወድሰን ብሎ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ በር የሚሸኝ ማኅበረሰብ የሚያውቅ ሰው የቪዮቲን ቁጣ ለመረዳት ፈረንሳይኛ አያስፈልገውም። ሙዚቀኛው የቤት አሽከር ነበር። ሞዛርት ቪየና ውስጥ ከጌታው ከሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስ ሎሌዎች ጋር ማዕድ የተቀመጠበት ዘመን ነው።

ሦስተኛ ወሬ አለ፤ እሱን የምወደው ስለ ራሱ ስለ ቪዮቲ ሌላ ነገር ስለሚያሳይ ነው። አንድ ማታ በሻን ዜሊዜ ከወዳጆቹ ጋር ሲንሸራሸር፣ በቆርቆሮ ቫዮሊን የሚለምን ሽማግሌ ያያል። ቫዮሊኑን የሠራለት ቆርቆሮ ሠሪ የሆነ የእህቱ ወይም የወንድሙ ልጅ ነው። ቪዮቲ ድምፁ ገርሞት 20 ፍራንክ ልስጥህና ሽጥልኝ አለው። አስቀድሞ ግን እስኪ ልሞክረው ብሎ ተጫወተበት። ሰው ተሰበሰበ፤ በባርኔጣ ሳንቲም ተለቀመ፤ ሁሉንም ለሽማግሌው ሰጠው። ሂሳቡን ሊጨርሱ ሲሉ ሽማግሌው ሐሳቡን ለወጠ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ የሚወጣው ከሆነ በ20 ፍራንክ አልሸጠውም። ቪዮቲ በዚህ እየሳቀ ሄደ ይባላል። ቆርቆሮም ቢሆን ድምፁ ከእጅ እንደሆነ ያውቃላ።

እንግዲህ ጉዳያችን እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ቪዮቲ አሽከር መሆን አልፈለገም፤ መድረክ ላይ ቆሞ የሰው ፊት ማየትም ሰልችቶታል። ስለዚህ ባለቤት መሆን ፈለገ። ቤት ያለው፣ ድርጅት ያለው፣ የራሱ ገንዘብ ያለው ሰው። ችግሩ ለባለቤትነት የሚያበቃው በር የተከፈተው በእነዚያው ጌቶች መሆኑ ነው።

በ1788 የንግሥቲቱ ፀጉር ሠሪ ሌዎናር ኦቲዬ ቲያትር ለመክፈት የንጉሥ ፈቃድ አገኘ። የፀጉር ሠሪ ቲያትር ሲባል ያስቃል፤ በቬርሳይ ግን ከንግሥቲቱ ራስ የሚቀርብ ሰው አልነበረም። ሌዎናር ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ቪዮቲን አጋሩ አደረገ። ጥላ የሆናቸው የንጉሡ ሌላ ወንድም የፕሮቫንስ መስፍን ነው፤ በቤተ መንግሥት ወግ «ሙሲዬ» ስለሚባል ቲያትሩም የሙሲዬ ቲያትር ተባለ። በጥር 26 ቀን 1789 በዚያው በቱይለሪ ቤተ መንግሥት ተከፈተ። ቪዮቲ ምርጥ የጣሊያን ዘፋኞችን አመጣ፤ አብሮት በአንድ ቤት ይኖር የነበረውን ጣሊያናዊ የሙዚቃ ደራሲ ኬሩቢኒን ሙዚቃውን እንዲመራ አደረገ። ሥራው እንደ ሥራ ግሩም ነበር።

ዓመቱን ግን ተመልከቱ። 1789፣ የፈረንሳይ አብዮት። በሐምሌ የባስቲል እስር ቤት ተሰበረ። በጥቅምት ሕዝቡ ንጉሡንና ንግሥቲቱን ከቬርሳይ እየነዳ አምጥቶ ያስቀመጣቸው ቱይለሪ ነው፤ ቲያትሩ ቦታውን ለቀቀ። ለጊዜው በሳን ዠርማን ገበያ በኩል ጠባብ አዳራሽ ተገኘ። ከዚያ ቪዮቲ በፌዶ መንገድ አዲስ ቲያትር አሠራ፤ በጥር 1791 ተከፈተ፤ የኬሩቢኒ ኦፔራ «ሎዶይስካ» በዚያው ዓመት እዚያ ታይቶ ሕዝቡን አሳበደ። ግን በሰኔ 1791 ሙሲዬ ከአገር ኮበለለ። የቲያትሩ ስም ተቀየረ፤ ቪዮቲ ደግሞ የንግሥቲቱ ሰው ነው። በ1792 በጋ ያለውን ሁሉ ጥሎ ወደ ለንደን ሸሸ።

እዚያ ሲደርስ ያልሸጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በየካቲት 1793፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ዝምታ በኋላ፣ ሳሎሞን የተባለ ሙዚቀኛ ባሰናዳው ዝግጅት ላይ እንደገና መድረክ ወጣ። ቀጣዮቹ ዓመታት ለሙዚቃው ከሁሉም የተሻሉ ናቸው። ከኮንቸርቶዎቹ የመጨረሻዎቹ አሥሩ የለንደን ናቸው። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ሃይድን ለንደን በነበረ ጊዜ በአንድ መድረክ ተገናኙ፤ በግንቦት 4 ቀን 1795 ሃይድን የመጨረሻ ሲምፎኒውን፣ 104ኛውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሰማበት ምሽት ቪዮቲ ኮንቸርቶ ተጫውቷል።

በ1798 መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት ከአገር እንዲወጣ አዘዘው። ጥርጣሬው የፈረንሳይ አብዮተኞች ደጋፊ ነው የሚል ነው። ከአብዮቱ የሸሸው የማሪ አንቷኔት ሰው! ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት በባዕድ ላይ የሚጥለው ጥርጣሬ ሚዛን የለውም። ንጹሕ መሆኑን ጽፎ ቢያስረዳም አልሰሙትም። ሀምቡርግ አጠገብ በአንድ እንግሊዛዊ ባለጸጋ ርስት ተጠግቶ ከረመ። እዚያ የጻፋቸውን የሁለት ቫዮሊን ሙዚቃዎች ሲያሳትም፣ ሥራው መከራ የሰጠው የዕረፍት ጊዜ ፍሬ መሆኑን፤ ከፊሉን ሐዘን፣ ከፊሉን ተስፋ እንዳጻፈው መግቢያው ላይ አሰፈረ። ሙዚቃዎቹ ለመምህርና ለተማሪ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ።

ወደ ለንደን ሲመለስ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ቫዮሊኑን ይዞ መድረክ ይወጣ ነበር፤ ሰዉም ይጠብቀው ነበር። እሱ ግን የወይን ጠጅ ንግድ ጀመረ። የሁለተኛ ጊዜ ሽሽት ነው። ገንዘቡን ያበደረችው ወይዘሮ ማርጋሬት ቺነሪ ናት። ከ1790ዎቹ ጀምሮ ቪዮቲ በቺነሪ ቤተሰብ እንደ ዘመድ ይኖር ነበር፤ ልጆቹን ሙዚቃ ያስተምራል፣ በለንደን ቤታቸውም፣ በኤሴክስ ጊልዌል በነበረው ርስታቸውም ከእነሱ አይለይም። (ይህ ጊልዌል ዛሬ የዓለም ስካውቶች ሁሉ የሚያውቁት የመሪዎች ማሠልጠኛ ነው። ካምፕ እሳት ዳር የተቀመጠ ስካውት ቪዮቲ በዚያ ሜዳ መመላለሱን የሚያውቅ አይመስለኝም።) ባልየው ዊልያም ቺነሪ በመንግሥት ግምጃ ቤት ትልቅ ጸሐፊ ነበር። በ1812 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ መዝብሮ ተገኘና ወደ ስዊድን አመለጠ። ርስቱ ተወረሰ። በዚያው ሰሞን ቪዮቲ ያስተማራት ልጃቸው ካሮላይን ሞተች። ቪዮቲ ለዚህች ሴት የነበረበት ዕዳ ከዚያ በኋላ የገንዘብ ብቻ አልነበረም።

ስለ ወይን ጠጁ ብዙ የምለው የለኝም። ናፖሊዮን ከእንግሊዝ ጋር የሚደረግን ንግድ በዘጋበት ዘመን ለንደን ላይ የወይን ጠጅ ነጋዴ መሆን ምን ዓይነት ስሌት እንደሆነ አይገባኝም። በ1818 ንግዱ ከሰረ። በመሀሉ በ1813 የለንደንን ፊልሃርሞኒክ ማኅበር ካቋቋሙት ሙዚቀኞች አንዱ ሆኗል፤ ኋላ ቤቶቨንን ዘጠነኛውን ሲምፎኒ እንዲጽፍ የከፈለው ማኅበር ማለት ነው። ያ አሁንም አለ፤ የወይን ጠጁ መደብር የለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው በር። ናፖሊዮን ወድቋል፤ በፈረንሳይ ዙፋን የተቀመጠው ሉዊ 18ኛ፣ ማለትም የዚያ የቲያትሩ ጥላ ሙሲዬ ራሱ ነው። በ1819 መገባደጃ ቪዮቲ የፓሪስ ኦፔራ ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ። 64 ዓመቱ ነው፤ ከስሯል፤ በአሮጌው ጌታው በኩል የመጨረሻ ዕድል መጣለት። ወዳጆቹ ቢመክሩት ኖሮ ተው ይሉት ነበር፤ ምክንያቱም ኦፔራው በዘፋኞች ኩርፊያ፣ በቢሮ ሽኩቻና በዕዳ የተተበተበ ነበር።

ገና ጥቂት ወራት ሳይሞላው፣ እሑድ የካቲት 13 ቀን 1820 ምሽት፣ የቤሪ መስፍን ከባለቤታቸው ጋር ኦፔራ መጡ። መስፍኑ የአርቷ መስፍን ልጅ ናቸው፤ አዎ፣ ቬርሳይ ላይ እየተንጫጫ ገባ የተባለው የዚያ ሰው ልጅ። ባለቤታቸው ስለደከማቸው ቀድመው ሊወጡ መስፍኑ ሠረገላ ድረስ ሸኟቸው። ሊመለሱ ሲሉ ሉቬል የተባለ ኮርቻ ሠሪ ከጨለማው ወጥቶ ጩቤ ሰካባቸው። ተሸክመው ወደ ቲያትር ቤቱ አገቧቸው። ትርኢቱ ገና አላለቀም ነበር። እዚያው በኦፔራው ክፍል ሌሊቱን ሲያጣጥሩ አድረው ንጋት ላይ ሞቱ። የፓሪስ ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ቁርባን እዚህ የሚገባው ሕንፃው ዳግመኛ ቲያትር የማይሆን ከሆነ ነው አሉ። ሕንፃው ተዘጋ፤ ኋላም ፈረሰ። ዛሬ ቦታው ፏፏቴ ያለበት ትንሽ የሉቯ አደባባይ ነው።

ቪዮቲ እንግዲህ ቤት የሌለው ኦፔራ ዳይሬክተር ሆነ። ኦርኬስትራውንና ዳንሰኞቹን ይዞ ከተበደረው ጠባብ አዳራሽ ወደ ሌላ ሲዞር ከረመ፤ አዲሱ የለ ፔልቲዬ ቲያትር በነሐሴ 1821 ተከፈተ፤ እሱ በኅዳር ለቀቀ። ሦስት ወንድማማች ነገሥታት በየተራ በሕይወቱ ገብተዋል። የመጀመሪያው ባለቤት ቀጠረችው፤ ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ቲያትር ሰጠው፤ የሦስተኛው ልጅ በደጁ ተገደለበት። ከጌቶቹ ያመለጠ በመሰለው ቁጥር ጌቶቹ ቀድመውት ደርሰዋል።

ወደ ለንደን ተመልሶ በመጋቢት 3 ቀን 1824፣ በአፐር በርክሌይ መንገድ፣ በወይዘሮ ቺነሪ ቤት ሞተ።

ሌላው መዝገብ ግን እሱ ራሱ ሒሳብ ያልያዘበት ነው። ፓሪስ በነበረበት ጊዜ ያለ ክፍያ ያስተማረው ፒየር ሮድ የሚባል ልጅ ነበር። ሩዶልፍ ክሮይትሰርና ፒየር ባዮ ደግሞ በወግ ተማሪዎቹ ባይሆኑም፣ አጨዋወቱን ሰምተው በእሱ መንገድ የሄዱ ናቸው። በ1795 ኮንሰርቫቷር የተባለው የፓሪስ የመንግሥት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲከፈት ቫዮሊን ካስተማሩት መሀል እነዚህ ሦስቱ አሉ፤ በ1803 በጋራ ያወጡት የማስተማሪያ መጽሐፍ የትምህርት ቤቱ መመሪያ ሆነ። እሱ ስደት ላይ ሳለ መንገዱ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር ማለት ነው። የክሮይትሰርን 42 ልምምዶችና የሮድን 24 ካፕሪስ ሳያልፍ ቫዮሊኒስት የሆነ ዛሬም ጥቂት ነው። ቤቶቨን አንዱን ታላቅ ሶናታ ለክሮይትሰር አበረከተው፤ የመጨረሻውን ሶናታ ለሮድ እጅ ብሎ ጻፈው። ሞዛርትም የቪዮቲን 16ኛ ኮንቸርቶ አንስቶ የመለከትና የከበሮ ድምፅ ጨምሮበታል።

ከሁሉም ግን 22ኛው ኮንቸርቶ፣ በኤ ማይነር ቁልፍ የተጻፈው። ቫዮሊን የማይጫወት ሰው ቪዮቲን በአንድ ሥራ ላውቀው ቢለኝ ይህን እሰጠዋለሁ። ኦርኬስትራው ሳይቸኩል፣ በለዘበ ሐዘን ይጀምራል፤ ብቸኛው ቫዮሊን ሲገባ ለመታየት አይዘልም፤ ወሬውን ከተወበት የሚቀጥል ሰው ይመስላል። መሀለኛው ክፍል በኢ ሜጀር ነው፤ በዚያ አዲስ ደጋን ካልሆነ የማይያዝ ረጅም ዜማ አለው። የመጨረሻው ክፍል ላይ «አጂታቶ አሳይ» ተብሎ ተጽፏል፤ እጅግ የታወከ ማለት ነው፤ ሁከቱ ግን ከጨዋነት አይወጣም። ሙዚቃውን ዛሬ በትልልቅ አዳራሾች ብዙ አንሰማውም፤ 23ኛውን የሚጫወቱት ተማሪዎች ይበዛሉ። የለመድነው ቫዮሊኒስቱ ከኦርኬስትራው ጋር ሲታገል ማየት ስለሆነ፣ የቪዮቲ እርጋታ ለአንዳንዱ ጆሮ ቀላል ይመስላል። እኔ እንደማስበው የሚጎዳውም ይኸው ነው፤ ከባድነቱ አይታይም።

ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ብራምስ እንዲህ አላሰበም። በ1878 ለፒያኒስቷ ለክላራ ሹማን በጻፈላት ደብዳቤ፣ ይህ ኮንቸርቶ ልዩ ፍቅሩ መሆኑን ይነግራታል፤ ሰውዬው ሲጫወት እዚያው የሚፈጥረው ይመስላል፣ ግን ሁሉም በጥበብ የታሰበና የተሠራ ነው ይላል። ሥራውን የሚያውቀው ከወዳጁ ከቫዮሊኒስቱ ከዮአኪም ጋር ነው፤ ሁለቱም ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይወዱት ነበር። ከዚያ ደብዳቤ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዮአኪም ሚስቱን ጠርጥሮ ፍርድ ቤት ሄደ። ብራምስ ለሴትዮዋ ንጽሕናዋን እንደሚያምን ጽፎላት ነበር፤ ደብዳቤው ችሎት ላይ ተነበበ። ሁለቱ ወዳጆች መነጋገር አቆሙ።

በ1887 ብራምስ ለቫዮሊንና ለቼሎ የሆነ ድርብ ኮንቸርቶ ጻፈና ለዮአኪም ላከለት። ቁልፉ ኤ ማይነር ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል የቪዮቲ 22ኛ ይሰማል፣ ድሮ አብረው ይወዱት ለነበረ ሰው እንደሚላክ ምልክት። ዮአኪም ተቀበለው። ባደን ባደን ላይ ሲለማመዱት ክላራ ነበረች፤ በማስታወሻዋ የእርቅ ሥራ ነው ብላ ጻፈች።

የቪዮቲን ስም ከያዙት ስትራዲቫሪ ቫዮሊኖች አንዱ፣ የ1709ኙ፣ ብሩስ በሚባል የእንግሊዝ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ በ2005 ለለንደን ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚውዚክ ተሰጠ። ዋጋው 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ተባለ። ከዋጋው ከፊሉ የተሸፈነው መንግሥት ቫዮሊኑን በውርስ ግብር ፈንታ በመቀበሉ ነው፤ በ1798 ባለቤቱን ከአገር ያስወጣው ያው መንግሥት። አካዳሚው የሚገኘው በሜሪልቦን መንገድ ነው። ከዚያ እስከ አፐር በርክሌይ መንገድ በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።